ባንግላዴሽ ከፓኪስታን የወጣችው በቋንቋ ምክንያት ብቻ ነው እንዴ? የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ

የፒያሳ_ልጅ
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። አጎቴ ቸርችል ጎዳና ጀርባ ቡና ቆልቶና ፈጭቶ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችው፣ እኔም ከትምህርት መልስ እዛ ነው የምውለው። ባለፈው ባዶ ኬሻ እያጣጠፍኩ አንዱ ላይ በሰማያዊ ቀለም የባንግላዴሽ ስም ታትሞ አየሁ። ኬሻ ስላችሁ የፕላስቲኩን ማዳበሪያ አይደለም፣ ያንን እጅ የሚቧጥጠውን፣ የዘይት ሽታ ያለውን ነው። ቡናውን እኛ አብቅለን መያዣው ከዛ ድረስ መምጣቱ ገርሞኝ ጮክ ብዬ ሳወራ ሁሌ ግማሽ ኪሎ የሚወስዱ አንድ ሽማግሌ ደንበኛችን ሰሙኝና «ይቺ አገር እኮ በምርጫ አሸንፋ በጥይት የተመለሰላት ናት» ብለውኝ ቡናቸውን ይዘው ወጡ። በቃ ሌላ ምንም አላሉም።

ከዛን ቀን ጀምሮ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም። እኔ ስለ ባንግላዴሽ የማውቀው ጎርፍ፣ ድህነትና ቲሸርት ነው፣ ከዛ አያልፍም። ትንሽ ሳነብ ደሞ ሁሉም «በቋንቋ ተጣልተው ተለያዩ» ይላል። ግን አንድ ሃይማኖት ያላቸው፣ ከእንግሊዝ በአንድ ቀን ነጻ የወጡ ሰዎች በ24 ዓመት ውስጥ እንዴት እዛ ሁሉ ደም መፋሰስ ደረሱ? በቋንቋ ብቻ? የምታውቁ በደንብ አስረዱኝ፣ ረጅም ቢሆንም አነበዋለሁ።

አራት_ኪሎዋ
ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። እኔ የተማርኩት ታሪክ ነው፣ በዚህ ጉዳይ ወመዘክር ቁጭ ብዬ ብዙ ቀን አንብቤያለሁ፣ የማውቀውን ልንገርህ። ዓመተ ምህረቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ እንዳትደናገር።

መጀመሪያ አንድ ነገር ያዝልኝ። የተገነጠለው አናሳው አይደለም፣ ብዙኃኑ ነው። እኔ መጀመሪያ ሳነበው ደንግጬ ነው ወደ ኋላ ተመልሼ የደገምኩት። እንግሊዝ በ1947 ህንድን ለቃ ስትወጣ ሙስሊም የሚበዛባቸው አካባቢዎች ፓኪስታን ተባሉ፣ ግን አካባቢዎቹ ሁለት ቦታ ነበሩ፣ አንዱ በምዕራብ አንዱ በምሥራቅ፣ መሀላቸው 1600 ኪሎ ሜትር ገደማ የህንድ መሬት። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ እንኳን በአየር 1200 አይሞላም፣ አስበው እንግዲህ። ዋና ከተማው ምዕራብ፣ ጦሩ ምዕራብ፣ ትልልቁ ቢሮ ሁሉ ምዕራብ፣ ሕዝቡ ግን የሚበዛው ምሥራቅ ነው። ቤንጋሊ የሚናገረው ከጠቅላላው ሕዝብ ከግማሽ በላይ ነበር፣ ኡርዱ አፉን የፈታበት ደሞ ከአስር ሰው አንድ እንኳን አይሞላም።

በ1948 መጀመሪያ ዲሬንድራናት ዳታ የሚባሉ የምሥራቁ ተወካይ ጉባኤው ላይ ቆመው ቤንጋሊም ከእንግሊዝኛና ከኡርዱ ጋር በጉባኤው ይነገርበት አሉ። እሱ ብቻ ነው የጠየቁት። ተከለከሉ። በማርች የፓኪስታን መሥራች ጂና ራሳቸው ዳካ መጥተው የመንግሥት ቋንቋ ኡርዱ ነው፣ ሌላ የለም ብለው ተናገሩ። ይሄ ሰው እንደሚያስበው የኩራት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፣ ቴምብሩ፣ ሳንቲሙ፣ ፖስታ ቤት ገንዘብ የሚላክበት ፎርም ሳይቀር ቤንጋሊ የለበትም ነበር፣ የመንግሥት ሥራ ፈተናም አለ። ልጅህን አስተምረህ በራሱ አገር መሀይም ሆኖ ሲቀር ማለት ነው።

ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1952 ዳካ ላይ ስብሰባ ተከልክሎ እያለ ተማሪዎች ወጡ፣ ፖሊስ ሕክምና ኮሌጁ አጠገብ ተኮሰባቸው። ሮፊክ፣ ጃባር፣ ባርካት የሚባሉት የዛን ቀን ነው የሞቱት። እኔን ሁሌ የሚነካኝ ቀጥሎ የሆነው ነው፣ ተማሪዎቹ ተሰብስበው በአንድ ሌሊት ጡብና ሲሚንቶ ተሸክመው ሐውልት ሠሩ፣ በሦስተኛው ቀን ፖሊስ መጥቶ አፈረሰው። ዛሬ ያለው ትልቁ ሐውልት በኋላ የተሠራ ነው፣ በየዓመቱ በዛ ቀን ሰው ጎህ ሳይቀድ በባዶ እግሩ አበባ ይዞ ይሄዳል። የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን እየተባለ እዚህም ትምህርት ቤት የሚከበረው ይሄው ቀን ነው፣ ካናዳ የሚኖሩ ቤንጋሎች ሐሳቡን አንስተው ዩኔስኮ በ1999 ያጸደቀው።

ግን ጥያቄህ ትክክል ነው። በቋንቋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ 1956 ላይ ያልቅ ነበር፣ በዛ ዓመት የወጣው ሕገ መንግሥት ቤንጋሊን ከኡርዱ እኩል አድርጎታል። አላለቀም። ቀሪውን ሌሎች ይጨምሩበት፣ እኔ ጣቴ ደከመ።

ደብተር_ያዥ
እህቴ በደንብ አስቀምጣዋለች፣ እኔ በሂሳብ በኩል ልጨምር፣ ሥራዬም እሱ ስለሆነ። ወንድሜ ያ ያጣጠፍከው ኬሻ እኮ ራሱ ግማሽ መልስ ነው።

ኬሻው የሚሠራው ጁት ከሚባል ተክል ነው። ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግ ቀጭን አገዳ ነው፣ ውሃና ደለል ይወዳል። ቆርጠው ያስሩትና ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቆይ ልጡ ይበሰብሳል፣ ከዛ ገበሬው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ቃጫውን በእጁ እየገፈፈ ያወጣዋል። ሽታው ከባድ ነው ይላሉ። ይሄ ነገር ለፓኪስታን ከውጭ ምንዛሪዋ ትልቁን ድርሻ የሚያመጣ ነበር፣ ልክ ለኛ ቡና እንደሆነው። ድንበሩ በ1947 ሲሰመር ታዲያ እርሻው ምሥራቅ ቤንጋል ቀረ፣ ፋብሪካዎቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ካልካታ በኩል ህንድ ውስጥ ቀሩ። በኋላ በ1951 ናራያንጋንጅ ላይ አዳምጂ የሚባል ፋብሪካ ተከፈተ፣ በዓለም ትልቁ የጁት ፋብሪካ እስከመባል ደርሷል፣ ግን ባለቤቶቹ የምዕራቡ ነጋዴዎች ናቸው። ዶላሩ ካራቺ ይገባል፣ ካራቺ ላይ ፋብሪካ ይተከላል፣ ቀጥሎ ኢስላማባድ የምትባል አዲስ ዋና ከተማ ይገነባል፣ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ የቆመው ሰውዬ እዛው ውሃው ውስጥ ነው።

የምሥራቁ መሪ ሼክ ሙጂቡር ራህማን በ1966 ስድስት ነጥብ ብለው ያቀረቡትን ብታነበው ደሞ አብዛኛው የገንዘብ ነው። ሁለቱ ክፍሎች የየራሳቸው ገንዘብ ይኑራቸው ወይም ገንዘብ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንዳይሸሽ መከላከያ ይበጅ፣ ግብር ክልሎቹ ይሰብስቡ፣ የውጭ ምንዛሪው ሂሳብ ለየብቻ ይያዝ። እንገንጠል የሚል ቃል የለበትም። እንዲያም ሆኖ በኋላ በአገር ክህደት ከሰሷቸው፣ ሕዝቡ በ1969 ተነስቶ አስፈታቸው፣ አገሪቱን ይገዙ የነበሩት ማርሻል አዩብ ካንም ወረዱ።

ከዛ ኖቬምበር 12 ቀን 1970 ማታ አውሎ ነፋሱ መጣ። ባሕሩ ተነስቶ ቦላ የምትባለዋን ደሴትና አካባቢዋን በሌሊት ጠረገው፣ ከ300 ሺህ እስከ 500 ሺህ ሰው እንዳለቀ ነው የሚገመተው። ማዕከላዊ መንግሥቱ እርዳታ ላይ እጁን አጥፎ ቆየ። ሬሳው ተለቅሞ ሳያልቅ፣ ወር ሳይሞላ፣ ዲሴምበር 7 ምርጫ ሆነ። የሙጂብ ፓርቲ አዋሚ ሊግ ለምሥራቁ ከተመደበው 162 ወንበር 160ውን ወሰደ። የመላው አገሪቱ ወንበር 300 ነው። ብቻውን መንግሥት ይመሠርታል ማለት ነው፣ የምዕራቡ ትልቅ ፓርቲ መሪ ቡቶ ያገኙት 81 ነው። ሥልጣኑን ግን አልሰጧቸውም፣ ጉባኤው ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው በአዩብ ቦታ የገቡት ጄኔራል ያህያ ካን ላልተወሰነ ጊዜ ዘጉት። ሽማግሌው ደንበኛህ አንድም ቃል አልተሳሳቱም።

የስድስት_ኪሎ_ሰው
ልጆቼ ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ በዛን ዘመን ስድስት ኪሎ ተማሪ ነበርኩ። ሬዲዮ ከብበን ነበር የምንሰማው፣ ዶርም ውስጥ አንድ ጓደኛችን ትንሽ ትራንዚስተር ነበረችው፣ ባትሪዋ እንዳያልቅ ዜና ሰዓት ብቻ ነው የምትከፈተው።

በማርች 7 ቀን 1971 ሙጂብ ዳካ ፈረስ መጋለቢያ ሜዳ ላይ ሕዝብ ሰብስበው ትግሉ የነጻነት ትግል ነው ብለው ተናገሩ። ድርድሩ ግን እየቀጠለ ነበር። ድርድሩ ላይ ተቀምጠው ሳለ ነው በማርች 25 ሌሊት ጦሩ ታንክ ይዞ ዳካ ከተማ የወጣው። ዩኒቨርሲቲው ገቡ፣ የተማሪ ማደሪያዎቹ ላይ ተኮሱ፣ መምህራንን ከቤታቸው እያወጡ ገደሉ። እኛ ተማሪዎች ነበርንና ይሄን ስንሰማ የራሳችን ማደሪያ ውስጥ የሆነ ያህል ነው የተሰማን፣ ያን ማታ ማንም ብዙ አላወራም። እህታችን ከላይ ያነሳቻቸው ዳታ የሚባሉት፣ በ1948 ስለ ቤንጋሊ የጠየቁት ሰው፣ ሽማግሌ ሆነው ሳሉ በዛው ሰሞን ከልጃቸው ጋር ተወስደው ተገደሉ። 23 ዓመት ቆይቶ እንኳን አልተረሳላቸውም።

ከዛ ዘጠኝ ወር ጦርነት ነው። 10 ሚሊዮን ገደማ ሰው ድንበር ተሻግሮ ህንድ ገባ፣ በዝናብ ወቅት በእግሩ፣ ሽማግሌ በቅርጫት ተሸክሞ። ሙክቲ ባሂኒ የሚባሉት ተዋጊዎች ወንዙን ስለሚያውቁት በጀልባ እየተንቀሳቀሱ ያጠቃሉ። ዲሴምበር መጀመሪያ ህንድ በይፋ ገባች፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አለቀ። ሽንፈቱ የታወቀ ሲሆን፣ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዲሴምበር 14 ሐኪሙን፣ ጋዜጠኛውን፣ ፕሮፌሰሩን ዓይኑን እየሸፈኑ ወስደው ረሸኑት። የፓኪስታን ጦር አዛዥ ጄኔራል ኒያዚ በ16ኛው ቀን በዛው ሙጂብ በተናገሩበት ሜዳ እጅ ሰጡ፣ እስረኛ የሆነው 93 ሺህ ገደማ ነው።

እኔ ከስድስት ኪሎ ሐውልት ብዙም ሳልርቅ ነው የምኖረው። በየካቲት 12 የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ ቆሜ አያለሁ፣ ግራዚያኒም ከፈጀው ሕዝብ ሌላ ፊደል የቆጠረውን ወጣት እየመረጠ ገድሏል። የነሱ የሰማዕታት ቀን በኛ አቆጣጠር የካቲት 14 ነው የሚውለው፣ ሁለት ቀን ብቻ ነው ልዩነቱ። እኔ ሁለቱንም ቀን ነው የማስበው።

አንድ_ተሳታፊ
የሞተው 3 ሚሊዮን ነው፣ ለምን አትጽፉትም?

አራት_ኪሎዋ
3 ሚሊዮን የባንግላዴሽ መንግሥት የሚለው ቁጥር ነው፣ ከሌሎች አጥኚዎች ደሞ ከዛ በጣም የሚያንስ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ግምት የሚያቀርቡ አሉ፣ ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም። እኔ ቁጥሩን ሆን ብዬ ነው ያልጻፍኩት። ይልቅ ሁሌ የሚዘለሉት ሴቶቹ ናቸው። በወታደር የተደፈሩት በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ። ነጻነት ሲመጣ መንግሥት ቢራንጎና ብሎ ጠራቸው፣ ጀግና ሴት እንደማለት ነው፣ ሰፈራቸው ግን ብዙዎቹን አልተቀበላቸውም፣ ያ የክብር ስም ራሱ መታወቂያቸው ሆኖ ተሸማቀው የኖሩ አሉ። እንደ ነጻነት ታጋይ ተቆጥረው ድጎማ እንዲያገኙ የተወሰነው ከ40 ዓመት በኋላ ነው። ይሄን ጉዳይ ሳነብ ያለቀስኩበት ቦታ ይሄ ነው።

የፒያሳ_ልጅ
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ እርስዎንም እግዚአብሔር ያቆይልን፣ ትራንዚስተሯን ሳነብ ዓይኔ ላይ ነው የመጣችው። አሁን ገባኝ፣ ብዙኃኑ ነው የወጣው፣ ወንበሩን አሸንፎ ስለተከለከለ። ግን ከዛ በኋላስ? ነጻ ወጥተው ለምን እንደዛ ተቸገሩ? እኛ ቤት የሚታወቁት በረሃብ ነው።

ደብተር_ያዥ
እዚህ ላይ ኬሻው ተመልሶ ይመጣል። በ1974 ብራህማፑትራ ሞልቶ እርሻውን በላው፣ የቀን ሠራተኛው ሥራ አጣ፣ የሩዝ ዋጋ ሰማይ ነካ። መንግሥት ስንዴ የሚጠብቀው ከአሜሪካ ነበር። አሜሪካኖቹ ግን ለኩባ ኬሻ ሸጣችኋልና በሕጋችን ከኩባ ጋር ለሚነግድ የምግብ እርዳታ አንሰጥም ብለው ያዙት። እውነቴን ነው፣ ባዶ ኬሻ። ሽያጩ እንዲቆም ተደርጎ እህሉ ሲለቀቅ ሰው አልቋል።

አማርቲያ ሴን የሚባሉት ኢኮኖሚስት ይሄን ረሃብና የኛን የወሎን ረሃብ በአንድ ጥናት ጎን ለጎን አስቀምጠዋቸዋል። የደረሱበት ነገር በሁለቱም ቦታ እህል ከአገር ጠፍቶ አይደለም የሚል ነው፣ ደሀው መግዣ ስላጣ ነው። ባንግላዴሽ በዛ ዓመት የነበራት እህል እንደውም ከአጠገቡ ካሉት ዓመታት ይበልጥ ነበር፣ ከወሎም ሰው እየሞተ እህል በመኪና ይወጣ ነበር። የኔ አያት ወሎዬ ናቸው፣ ይሄን ካነበብኩ በኋላ ስድስት ወር ስለዛ ሌላ ነገር ማንበብ አልቻልኩም።

ፖለቲካውን ባጭሩ፣ ሙጂብ በ1975 መጀመሪያ አገሩን የአንድ ፓርቲ አደረጉት፣ ኦገስት 15 መኮንኖች ቤታቸው ገብተው ከነቤተሰባቸው ገደሏቸው፣ ውጭ አገር የነበሩ ሁለት ሴት ልጆች ብቻ ተረፉ። ቀጥሎ ጄኔራል ዚያ፣ እሳቸውም በ1981 ተገደሉ፣ ቀጥሎ ጄኔራል ኤርሻድ እስከ 1990። ከዛ የሙጂብ ልጅ ሼክ ሀሲናና የዚያ ባለቤት ካሌዳ ዚያ እየተፈራረቁ፣ በመጨረሻ ሀሲና ለ15 ዓመት። በ2024 ተማሪዎቹ የተነሱት ለነጻነት ታጋይ ዘሮች የተመደበውን 30 በመቶ የመንግሥት ሥራ ኮታ ተቃውመው ነው፣ ኦገስት 5 ሀሲና ወደ ህንድ ሸሹ። ቋንቋውን ያስከበረው ዩኒቨርሲቲ ነው እንደገና የወጣው።

ነርሷ
እኔ ታሪክ አላውቅም ግን ድህነት ድህነት ብቻ ሲባል ዝም ማለት አልቻልኩም። መሀል ከተማ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ሲመጣ የምንሰጠው ለምለም፣ ያ በአንድ ሊትር ውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት፣ ዳካ ባለው የኮሌራ ምርምር ማዕከል በ1960ዎቹ መጨረሻ በሕመምተኞች ላይ የተረጋገጠ ነገር ነው። በጦርነቱም ጊዜ ግሉኮስ ሲያልቅ ስደተኛ ካምፕ ውስጥ በዚሁ ነው ብዙ ሰው የተረፈው።

ከዛ በ1980 ብራክ የሚባለው ድርጅታቸው ሴቶች ቀጥሮ ቤት ለቤት ላካቸው። ፓኬት አይሰጡም፣ እናትየዋን ቤቷ ባለው ነገር ነው የሚያስተምሯት፣ በሦስት ጣት ቆንጠር አንድ ጨው፣ አንድ ጭብጥ የሸንኮራ ድፍድፍ ስኳር፣ ግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ። እናትየዋ ራሷ በጥብጣ ታሳያለች። በኋላ ሌላ ሰው ሄዶ ይጠይቃታል፣ የአስተማሪዋ ደሞዝ የሚሰላው እናቶቹ ባስታወሱት ልክ ነው። በአስር ዓመት 12 ሚሊዮን ገደማ ቤት አዳረሱ። እኔ ለእናት ለምለም ስሰጥ «ገብቶሻል?» ብዬ ነበር የምሸኛት፣ «አዎ» ትለኛለች ትሄዳለች። ይሄን ካነበብኩ ወዲህ እዛው ፊቴ እንድትበጠብጥ ነው የማደርገው፣ ስንቷ በሻይ ብርጭቆ ውሃ ሙሉውን ፓኬት እንደምትጨምር ያየሁት ያኔ ነው።

ከቦላው አውሎ ነፋስ ወዲህም በባሕሩ ዳር ከፍ ብሎ በአምድ ላይ የቆመ መጠለያ በየመንደሩ ሠሩ፣ በጎ ፈቃደኛ በድምፅ ማጉያ እየዞረ ሰው ያስወጣል። በ1991 ገና 138 ሺህ ገደማ ሞቷል፣ በ2007 ግን 3400 ገደማ፣ በ2020 ደሞ በአስሮች የሚቆጠር።

የአባይ_ማዶ
የውሃ ምሕንድስና ነው የሠራሁት፣ አንድ ነገር ብቻ ልበል። እኛ «አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። የነሱ አገር የወንዝ ማደሪያ ነው። ጋንጀስ፣ ብራህማፑትራና ሜግና ከሂማላያና ከሌሎች ተራሮች አፈር እየጋጡ አምጥተው የከመሩት ደለል ነው አገሩ ራሱ። መሀል ወንዝ ላይ አዲስ ደሴት ይወጣል፣ ቻር ይሉታል፣ ሰው ይሰፍርበታል፣ ወንዙ መልሶ ሲበላው ቤቱን ቆርቆሮ በቆርቆሮ ነቅሎ ጀልባ ላይ ጭኖ ይሄዳል።

ከውሃቸው ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከድንበር ውጭ ነው። ህንድ ከድንበሩ ትንሽ ከፍ ብላ ፋራካ ላይ ጋንጀስን የሚያዞር ግድብ በ1975 ሥራ አስጀመረች። በበጋ ውሃው ሲያንስ የባሕሩ ጨው ወደ እርሻቸው ሽቅብ ይወጣል። በ1976 ማውላና ባሻኒ የሚባሉ በጣም ያረጁ መሪ ሕዝብ አስከትለው በእግር ወደ ፋራካ ተጓዙ፣ በዛው ዓመት ሞቱ። እኔ የግድባችን ቦንድ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ የገዛሁ ሰው ነኝ፣ ነገም እገዛለሁ፣ ውሃው ከኛ ነው የሚወጣው። ግን የታችኛው ሰው ለምን እንደሚፈራ ከካይሮ ጋዜጣ ይልቅ ከባሻኒ ነው የገባኝ፣ ምክንያቱም ባሻኒ ላይ የምቆጣበት ነገር የለኝም። ከህንድ ጋር የተፈራረሙት የጋንጀስ ውሃ ስምምነት ዲሴምበር 1996 ላይ ለ30 ዓመት ነው፣ ቁጠሩት።

የፒያሳ_ልጅ
ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ሙሉውን ለአጎቴ አነበብኩለት። የኩባውን ግን አላመነኝም። «ለስንት ኬሻ ነው ሰው እንዲህ የሚያስርብ?» አለኝ። ስንት ነበር?

ደብተር_ያዥ
4 ሚሊዮን ገደማ።